ዕቃ የማይመለስበት ደባልቄ

ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ፣ ከተማው አልቆ የማንጎው ጥላ ሲጀምር፣ በስተግራ የተደረደሩ የቀርከሃ ወንበሮች አሉ። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ሲታዘቡ ይውላሉ። ከኋላቸው ባለው ዳስ ውስጥ የሚቀመጠው ባለቤታቸው ደባልቄም ያው ነው፤ እጁ ይሠራል፣ ዓይኑ ይታዘባል፣ አፉ አያርፍም።

ከዳሱ በላይ ደባልቄ በገዛ እጁ በነጭ ቀለም የጻፈው ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ «ደባልቄ የቀርከሃ ሥራ። ዕቃችን ተመልሶ አያውቅም።» የከተማው ሱቅ ሁሉ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ሲለጥፍ እሱ ያንን እንደ ነውር ይቆጥረው ነበር። «አይመለስም ብሎ የሚከለክል ሰው የሸጠውን ያውቀዋል ማለት ነው» ይላል። «እኔ መች ከለከልኩ? መልሱ! ግን ማን ይመልሳል?» ሚስቱ ለተማርያም ይህን ንግግር በሃያ ዓመት ትዳር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማች ስትጠየቅ፣ «በቀን ሁለቴ እያልሽ አስቢው» ትላለች።

ጉራው መሠረት የለውም አይባልም። አንድ ጊዜ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከጫነው ላይ የደባልቄ ወንበር አስፋልት ላይ ወደቀበት። ሰውየው ወንበሩን አንሥቶ አገላብጦ አየና ምንም ስላላገኘበት መልሶ ጭኖት ሄደ። ደባልቄ ግን «የተጎዳው አስፋልቱ ነው» እያለ ወሬውን እስከ መስቀል አደረሰው።

ሙያውን ከአገሩ ይዞት የመጣ አይደለም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከአምባሰል ከእናት ከአባቱ ጋር ተጭኖ አሶሳ ሲራገፍ፣ ቤት የሚሠራው ከድንጋይ ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ልጅ ነበር። ሰፋሪዎቹ በነሐሴ ዝናብ እርጥቡን ቀርከሃ እየቆረጡ ጎጆ ቀለሱ። ጥቅምት ሲገባ ከጣሪያው ዱቄት መዝነብ ጀመረ። እናቱ ከጸጉሯ ላይ እያራገፈች፣ «እግዜር መና አወረደልን፤ ምነው ወጥም ጨምሮበት ቢሆን!» ብላ በዚያ ክፉ ዘመን ሰውን ሁሉ አሳቀች። መናው ነቀዝ ነበር። በታኅሣሥ ጎጆው ነፋስ ገፋ ሲያደርገው ጎኑን ለጥ አድርጎ ተኛ።

ባቢከር የመጣው ያኔ ነው። የሃያ ዓመት የበርታ ጎረምሳ፣ ቀርከሃ ቆራጭ። የወደቀውን ጎጆ አየና ሆዱን ይዞ ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ ሄደ፤ በማግስቱ ጠዋት ገጀራውንና ሁለት አህያ ሙሉ ደረቅ ቀርከሃ ይዞ ተመለሰ። በዚያች ሰሞን በተሰባበረ አማርኛ ለአባትየው ሲያስረዳ ትንሹ ደባልቄ አጠገባቸው ቆሞ ሰማ። «ቀርከሃ ሕፃን ከሆነ ተወው። ዝናብ ከጠጣ ተወው። ጨረቃ ሲያድግ ተወው፣ ሲያልቅ ቁረጥ። ከዛ ወንዝ ውስጥ አሥራ አምስት ቀን አስተኛው። ነቀዝ መጣ፣ ቀመሰ፣ ተፋ፣ ሄደ። ኸላስ።» ደባልቄ የተማረው ትምህርት በሙሉ ይኸው ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት አንዱ እየቆረጠ ሌላው እየሠራ ኖሩ። ባቢከር ቀርከሃውን ሲያራግፍ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጥና፣ «ይሄ ጠንካራ ነው፣ ማን ቆረጠው?» ይላል። ደባልቄም «ማን ሠራው አትልም?» ይለዋል። ጨዋታቸው ይህ ነበር።

ክልሉ ሃያ ዓመት ሞላው በተባለበት ሰሞን የባቢከር የልጅ ልጅ ሶዓድ ታመመች። ሰባት ዓመቷ ነበር። አያቷን ተከትላ እየመጣች በቀርከሃው ፍቅፋቂ ውስጥ ስትንከባለል የምትውል ልጅ በድንገት መጫወት ተወች፤ ድዷ ደማ፣ እግሯ በለዘ። ሐኪሞቹ የደም ካንሰር ነው አሉ። ካንሰር የሚለውን ቃል ሲሰማ ባቢከር መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሐኪሙ ግን ጨምሮ፣ የልጆች ይህ በሽታ ይድናል፤ ሕክምናው ካልተቋረጠ ይድናል አለው። ሕክምናው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ የሚፈጀውም ከሁለት ዓመት በላይ ነው።

«ካልተቋረጠ» የምትለዋን ቃል በደንብ ያዟት፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሷ ላይ ነው። ከአሶሳ አዲስ አበባ ንጋት ላይ ተነሥተው ሲነጉዱ የሚውሉበት መንገድ ነው። መድኃኒቱ ቢገኝ መሳፈሪያው ይቸግራል፤ መሳፈሪያው ቢገኝ ማደሪያው። አንድ ቀጠሮ ሲያልፍ ሁለተኛው ይከብዳል፤ ሦስተኛው ይረሳል። ብዙ ልጅ የሚሸነፈው ለበሽታው ሳይሆን ለመንገዱ ነው።

ይህን ከማንም በላይ የምታውቅ ሴት በለተማርያም ግቢ የኋላውን ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ቢታንያ ትባላለች፤ ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች የዩኒቨርሲቲ መምህርት። በዘጠኝ ዓመቷ እሷም በዚሁ በሽታ ራሷ ተመልጦ እዚያው አዲስ አበባ ተኝታ ነበር። አሁን ጸጉሯ አልበጠር እያለ ጠዋት ጠዋት ክፍል ያስረፍዳታል፤ በዚህም ስታማርር ሰምቷት የሚያውቅ የለም። ቢታንያ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ሆና አንድ ሥራ ጀመረች። ከኩርሙክ የሚመጣውን ጨሌ እየሰኩ የአንገትና የእጅ ጌጥ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የራስ ማሰሪያ ይሠራሉ፤ በዩኒቨርሲቲውና አዲስ አበባ ባለ አንድ ሱቅ ይሸጣሉ። ከሠራተኞቹ ድካም ዋጋ የተረፈው ከክልሉ ለሚሄዱ ታማሚ ልጆች የአውቶብስ ወንበርና የማደሪያ አልጋ ይሆናል። ለሥራው ስም ያወጣችለት ለተማርያም ናት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል? «ሃምሳ ሎሚ» ተባለ።

«ጋሽ ደባልቄ፣ ከዚህ ቁርጥራጭዎ አምባር አይወጣም?» አለችው ቢታንያ አንድ ቀን።

«ልጄ፣ እኔ መቶ ኪሎ ሰው የሚሸከም ወንበር ነው የምሠራው» አለ ደባልቄ። «የኮረዳ ክንድ ስለካ ብገኝ የአምባሰል ዘመዶቼ ምን ይሉኛል?»

ያሸነፈችው ሶዓድ ናት። ከመጀመሪያው ሕክምና ስትመለስ ጸጉሯ አልቆ፣ ሻሿ እየተንሸራተተ፣ ጉንጯ ገብቶ መጣች። ዳሱ ውስጥ ገብታ የለመደችው ፍቅፋቂ ላይ ቁጭ አለች።

«አሚ ደባልቄ» አለችው፤ አጎቴ ማለቷ ነው። «እኔ ወንድ ይመስላል?»

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«የአውቶብስ ረዳት። ማሙሽ እግርህን ሰብስብ አለኝ። ሁለት ጊዜ።» ትንሽ ቆየችና፣ «ሴት መሆኔ የሚታይ ነገር ሥራልኝ» አለች።

ደባልቄ ይጠርበው የነበረውን የወንበር እግር ጣለና ካለፈው በጋ ከተረፈው ደረቅ ቀርከሃ አንድ ፍላጭ አነሣ። በጠርሙስ ስባሪ ፍቆ አሳሳው፣ በፈላ ውኃ ነከረው፣ በብረት ቱቦ ላይ ጠምዝዞ አቆየው፣ ጫፍና ጫፉን በቀጭን የነሐስ ሽቦ አሰረው። ዓይኑ የለመደው የወንበር ክንድ ነውና አምባሩ ሰፋ፤ ሶዓድ እጇን ስታነሣ ክርኗ ድረስ ወረደ። «ስጪኝ፣ ሌላ ልሥራልሽ» ቢላት እጇን ከጀርባዋ ደበቀች። ለተማርያም መጣችና አምባሩን በውስጥ በኩል በቀይ ክር ጠመጠመችው። ሰባት ዙር ከጠመጠመች በኋላ አምባሩ ክንዷ ላይ ቆመ።

«ስትወፍሪ አንድ አንድ ዙር እየፈታን እንሄዳለን» አለቻት። ሶዓድ እጇን ከፍ አድርጋ ዳሱን ሦስት ጊዜ ዞረችው፤ ደባልቄም «ሽቦው ገባብኝ» ብሎ ዓይኑን ጠረገ። ሽቦው ዓይኑ አጠገብ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ደባልቄን የያዘው የለም። የአምባሰል ዘመዶቹ ተረሱና አምባር በአምባር ሆነ። ሴቶቹ ወደዱት፤ «ጋሽ ደባልቄ እጅዎ ይባረክ» ሲሉት ትከሻው እየሰፋ ሄደ። በነሐሴ መጀመሪያ ቢታንያ ሮጣ መጣች። ለአዲስ ዓመት እዚሁ አሶሳ ትልቅ ባዛር አለ፤ ሦስት መቶ አምባር ይፈለጋል። ከዚያ የሚገኘው የሶዓድንና የሌሎች አራት ልጆችን ምልልስ ለወራት ይሸፍናል።

«ሦስት መቶ? አራት መቶ በይው!» አለ ደባልቄ።

ችግሩ ቀርከሃው ነው። ባቢከር በበጋ ቆርጦ ያደረቀው አልቋል። ባቢከር ራሱ ደግሞ የለም፤ ሶዓድ ትኩሳት ተነሥቶባት አዲስ አበባ ላይ ሰነበቱ። ደባልቄ ገጀራውን ስሎ ወደ ጫካው ሲነሣ ለተማርያም በሩ ላይ ቆመችበት።

«ነሐሴ እኮ ነው» አለችው።

«አውቃለሁ ነሐሴ መሆኑን።»

«አያ ባቢከር እስኪመጣ አትጠብቅም? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«አምባር እኮ ነው ለተማርያም፣ ቤት አይደለም! ማን ሊያድርበት ነው?»

«እናትህ መና ወረደልን ያለችውን ረሳኸው?»

«ያኔ ባለሙያ አልነበረም» አለና አልፏት ሄደ።

እርጥብ ቀርከሃ ለሠሪው ደግ ነው፤ ጠምዝዘኝ ሲሉት ይጠመዘዛል፣ እንቢ አይልም። ደባልቄ እያፏጨ ሠራ። ሰሌዳውን ሳይቀር ነቅሎ ባዛሩ ላይ ሰቀለው፤ «ዕቃችን ተመልሶ አያውቅም»። ሰው ተጋፋ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንድ አምባር አልቀረም። ቢታንያ ደስ ሲላት አቅፋ ሳመችው። ያን ቀን ደባልቄ ወደ ቤቱ የገባው በእግሩ ይሁን በክንፉ እንጃ።

ኅዳር ሲጠባ አንዲት የባንክ ሠራተኛ በጥቁር ኮቷ መጣች። እጅጌዋ ላይ ቢጫ ዱቄት አለ።

«ጋሽ ደባልቄ፣ አምባርዎ ይፈጫል» አለችው።

«ወፍጮ ቤት አጠገብ ነው የምትኖሪው?»

«ባንክ ነው የምሠራው።»

በማግስቱ የጸጉር ቤት ባለቤት መጣች፤ ጸጉሯን ጥቁር ቀለም የቀባቻት ደንበኛ ዱቄት ለብሳ ተነሥታባታለች። ቀጥሎ አንዲት አስተማሪ፣ «ጋሼ፣ እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠመኔ ነው እያልኩ ሳራግፍ ከረምኩ» አለችው። ደባልቄ አንዷን እርጥበት ነው፣ ሌላዋን ሽቶሽ ነው እያለ ተከራከረ። ለተማርያም አልተከራከረችም። ለራሷ ካስቀረቻቸው አምባሮች አንዱን ጠዋት ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀመጠችና ሳይመሽ ባሏን ጠራችው። ጨርቁ ላይ በማንኪያ የሚታፈስ ዱቄት ተከምሯል፤ አምባሩ በመርፌ የተበሳሳ ይመስላል። ደባልቄ አገላብጦ አየው። ከዚያ ወጣ፣ ሰሌዳውን ከመስቀያው አወረደ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆመው።

በዚያው ሳምንት ባቢከርና ሶዓድ ተመለሱ። ባቢከር ዳሱ ውስጥ ገባ፣ አንድ አምባር አነሣ፣ መታ መታ አደረገው፣ ዱቄቱ መዳፉ ላይ ወረደ። እንደ ጥንቱ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ወላሂ ደባልቄ! ሠላሳ ዓመት! ሠላሳ ዓመት አስተማርኩ፣ አንተ በነሐሴ ቆረጠ?»

ደባልቄ አልሳቀም። ቢታንያ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ እሷም አልሳቀችም። ነገሩን ቀስ አድርጋ አስረዳችው። ባዛሩ ያስገኘው እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ያደርሳል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁሉ ገና ከሚሸጠው ላይ ነው የሚወጣው። አሁን ግን ሰው ሁሉ «የእነዚያ የነቀዞቹ» እያለ ጨሌውንም የራስ ማሰሪያውንም ትቶታል፤ የአዲስ አበባው ሱቅም አዲስ ዕቃ አትላኩ ብሏል። ሰው ካላመነን፣ አለች፣ በጥር ሶዓድን የምናሳፍርበት የለንም።

ባቢከር ሳቁን አቆመ። ሶዓድ ውጪ ወንበሮቹ ላይ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተዘዋወረች ትቀመጥ ነበር። አምባሯ ክንዷ ላይ አለ፤ ያ ከደረቁ የተሠራው ነውና ነቀዝ አልነካውም።

«አያ ባቢከር» አለ ደባልቄ። «የልጅህን መንገድ ነቀዝ አስበላሁት።»

ባቢከር ዱቄቱን ከመዳፉ አራገፈ። «መንገድ ነቀዝ አይበላም» አለው። «ተነሥ።»

ደባልቄ ትልቅ ጆንያ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከተማውን ዞረ። ሦስት ቀን ፈጀበት። አሶሳ ያኔ ማን ምን አድርጎ እንደሚዞር ሰው ሁሉ የሚያውቅባት ከተማ ነበረች፤ አንዷ ሌላዋን እየጠቆመች ከባንክ ወደ ጸጉር ቤት፣ ከጸጉር ቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ መናኸሪያ ላኩት። በየደረሰበት የሚለው አንድ ነው፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በነሐሴ ቆርጬ ነው፤ ስጡኝና ምትኩን አመጣለሁ።» በሕይወቱ እንዲህ አጭር ንግግር ተናግሮ አያውቅም። የቀበሌው ዘበኛ፣ «የሸጠውን የሚለምን ነጋዴ ገና አሁን አየሁ» ብሎ አሾፈበት። ከቶንጎ ወረዳ የመጣች አንዲት ሴት አምባሯን አውልቃ ስትሰጠው፣ «ዱቄቱንም አጠራቅሜልህ ነበር፣ ትወስደዋለህ?» አለችው። ሣቂው ብዙ ነበር፤ ተቆጪው ግን ጥቂት። ሰው ሲሳሳት ያላየ የለም፤ ተሳስቶ በር ለበር ሲያንኳኳ ያየ ግን አልነበረም። ገንዘቤን መልስ ያለው ከአሥር ሰው አይበልጥም።

ጆንያውን ተሸክሞ ሲገባ ለተማርያም በሩ ላይ ነበረች። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችው። ቀጥላ ግን ጆንያውን ከትከሻው ተቀበለችው፤ እግሩንም ልታጥበው ውኃ አሞቀች።

አምባሮቹን አቃጠሏቸው። ምትኩ ግን ከምን ይሠራ? መቁረጫው ወቅት ገና መግባቱ ነው፤ ቆርጦ፣ ወንዝ አስተኝቶ፣ በጥላ አድርቆ እስኪጨርስ የካቲት ይሆናል። የሶዓድ ቀጠሮ ደግሞ በጥር አጋማሽ ነው። ደባልቄና ባቢከር በባቢከር ማድ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ይህን ያወጣሉ ያወርዳሉ። ማድ ቤቱ በሣር የተከደነ አሮጌ ጎጆ ነው፤ የባቢከር ሚስት ፈርሶ ቆርቆሮ ይልበስ ስትል ዓመት ሆኗታል። ደባልቄ በሐሳብ ቀና ሲል ጣሪያውን አየ።

የጣሪያው ቀርከሃ ጥላሸት ለብሷል። ተነሥቶ በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። ከጥላሸቱ ሥር የደማቅ ማር መልክ ብቅ አለ። በጣቱ መታው፤ እንደ ብረት ጮኸ።

«አያ፣ ይህን መች ነው የቆረጥከው?»

ባቢከር አሰበ። «ያንተ አባት ቤት የወደቀ ጊዜ። ለሱም ቆረጥኩ፣ ለኔም ቆረጥኩ።»

«ሠላሳ ዓመት ጢስ ጠጥቷል ማለት ነው።»

«ነቀዝ ይሄን ከነካ ጥርሱ ይወልቃል» አለ ባቢከር። ወዲያው ቃሉን ራሱ ሰማውና ደባልቄን አየው፤ ደባልቄም አየው። የባቢከር ሚስት ከውጪ ሆና የሰማችው ሣር ሲቀደድ ነው። ስትገባ ሁለት ሽማግሌ ለመሆን የተቃረቡ ሰዎች ምሰሶ ላይ ተንጠልጥለው ጣሪያዋን ይበትናሉ፤ ሶዓድ ከታች የሚወርደውን እየተቀበለች ታስነጥሳለች።

«ቆርቆሮ!» አላት ባቢከር ከላይ፤ «ቆርቆሮ አንተ ትፈልግ አልነበረም? ይኸው!»

በዚያ ዘመን ከተማው ሁሉ ሣሩን እያወረደ ቆርቆሮ ይሰቅል ነበርና አሮጌው ቀርከሃ በየጓሮው ለማገዶ ተከምሯል። ወሬው ሲሰማ ከሰፋሪዎቹ መንደር በአህያ፣ ከበርታዎቹ ሰፈር በጭንቅላት፣ ከከተማው በባጃጅ እየተጫነ መጣ። አንዱ የጎተራውን፣ አንዱ የአልጋውን፣ አንዲት ባልቴት የሥጋ ማድረቂያዋን ሦስት ዘንግ ይዛ መጣች። ሃምሳ ሎሚ ሲባል ደባልቄ እስከዚያች ቀን ተረት ይመስለው ነበር።

አሮጌ ቀርከሃ እንደ አሮጌ ሰው ነው፤ በችኮላ አይጎብጥም። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ፍላጮች ቷ ቷ እያሉ ተሰበሩ። ባቢከር ሦስት ቀን ወንዝ ውስጥ አስተኛቸው፤ ከዚያ በእንፋሎት፣ ቀስ እያሉ፣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ። ደባልቄ አላፏጨም። ለተማርያም የተጠናቀቀውን በሰሊጥ ዘይት ስታሸው ጥላሸት የነበረው ነገር ጠይም ሆነ፤ የሴት ልጅ ጠይምነት ያለው፣ የሚያበራ። አፍንጫ ሲያስጠጉት ጢስ ጢስ ይላል። ለእያንዳንዱ አምባር ሴቶቹ በነሐሱ ሽቦ መገጣጠሚያ ላይ ሦስት ቀይ ጨሌ ሰኩለት።

ደባልቄ ጆንያውን ይዞ እንደገና ዞረ፤ አሁን ግን እየሰጠ። የባንኳ ልጅ አምባሯን ጥቁር ኮቷ ላይ አራገፈችው፣ ምንም አልወረደም፤ ሁለት ለእህቶቼ ጨምርልኝ አለችው። የአዲስ አበባው ሱቅ ሃያ ወስዶ በሳምንቱ መቶ ጠየቀ። ጥር አሥራ ሦስት ቀን ሶዓድ አያቷን ይዛ ተሳፈረች። ከሌሎቹ አራት ልጆችም የቀረ የለም። ረዳቱ ገና በሩ ላይ ሳለች ክንዷን አይቶ፣ «ግቢ እህቴ» አላት። ሶዓድ ይህን በመስኮቱ ለደባልቄ ጮኻ ነገረችው።

ደባልቄ ከመናኸሪያው ሲመለስ ሰሌዳውን ከግድግዳው አዞረው። ቀለምና ብሩሽ አምጥቶ ለረጅም ጊዜ አሰበና የቀድሞውን ሰርዞ እንዲህ ጻፈ፤ «ደባልቄ የቀርከሃ ሥራ። ዕቃችን አንድ ጊዜ ተመልሷል።» ለተማርያም ይህን ስታነብ ሳቀች። ሳቋ ሲያበቃ ግን፣ «ሃያ ዓመት ስጠብቅህ ነበር» አለችው።

ሶዓድ ከአዲስ አበባ በመጣች ቁጥር መጀመሪያ የምትገባው ዳሱ ውስጥ ነው። ክንዷን ትዘረጋለች፣ ለተማርያም ታያለች። አንዳንዴ ቀዩ ክር እንዳለ ይቆያል፤ አንድ ጊዜም፣ ክፉ ሰሞን ነበር፣ ጨርሳ ከስታ ስለመጣች አንድ ዙር ተጨመረበት። ያን ቀን ደባልቄ ሥራ አልሠራም። ከዚያ በኋላ ግን ክሩ መፈታት ጀመረ። ሰባት፣ ስድስት፣ አምስት። በሁለተኛው ዓመት ለመስቀል የመጨረሻው ዙር ተፈታ፤ ለተማርያም ክሩን ጠቅልላ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

ግንቦት ላይ ደባልቄ ለአንድ ሆቴል ወንበር እያሰናዳ ሳለ አንዲት ልጅ መጥታ ፊቱ ቆመች። ጸጉሯ አጭር ሹሩባ ተሠርቷል። አንድ አምባር ከክንዷ ሳይሆን ከኪሷ አውጥታ የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የመጀመሪያውን አምባር። ከኋላዋ ባቢከር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል፤ ፊቱ ምንም አይናገርም።

ደባልቄ አምባሩን አንሥቶ በብርሃን አየው፣ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገው። ዱቄት የለም። አንዲት ቀዳዳ የለችበትም።

«ነቀዘ?» አላት።

«አልነቀዘም» አለች ሶዓድ።

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ጠበበኝ» አለችና እጇን ጨብጣ አሳየችው። አምባሩን ገፋ አደረገችው፤ ከአውራ ጣቷ ሥር አልፎ አልሄድ አለ። «ሐኪሙ ከእንግዲህ መድኃኒት ማፊ፣ የለም አለኝ። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ለመታየት ነይ አለኝ። አሚ፣ ሰፋ ያለ ሥራልኝ።»

ባቢከር አንዱን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ይሄ ጠንካራ ነው» አለ። «ማን ሠራው?»

ደባልቄ ሽቦም ምክንያትም አልፈለገ፤ ሰው እያየው አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን በክንዱ ጠርጎ ክር አነሣና የሶዓድን ክንድ ለካ፤ ለዕድገትም ትንሽ ተወለት። ትንሹን አምባር ሚስማር ላይ ሰቀለው። ቀለሙን ካለበት ፈልጎ አመጣ፣ በገዛ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ቆመ፣ ሰሌዳው ላይ «አንድ» የሚለውን ሰርዞ «ሁለት» ብሎ ጻፈ።